እህቴን በሐምሌ ልንድር ነው፤ ምን ምን እናዘጋጅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው። ሽማግሌ መጥቶ አልቋል፤ ቤተሰብም ተስማምቷል። የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነበር፤ እሱም ክረምት ላይ ወደቀብን። ሙሽራው ሲያትል ነው የሚኖረው፤ አስተማሪ ነው። ረዘም ያለ ፈቃድ የሚያገኘው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ስለዚህ ሰርጉ በሐምሌ 2018 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ይሆናል። አዳራሽ አስበን ነበር። እናቴ ግን ልጄን የምድረው አባቷ በሠራው ቤት ነው ብላ ቆረጠች። አባታችን ካረፈ አምስት ዓመቱ ነው። ይህን ቃሏን ማጠፍ አልችልም፤ አልፈልግምም።

እንግዳው 300 ሰው ይጠጋል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ግን አፈር ነው። ባለፈው ሐምሌ እዚያው ግቢ ውስጥ መኪና ተይዞ በሰው ጉልበት ነው የወጣው። በክረምት የደገሳችሁ ካላችሁ እንዴት እንደተወጣችሁት ንገሩኝ። አራት ወር አለን።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ 31 ምላሽ መጣ። ሰው ጊዜውን ሰውቶ ስለጻፈልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ነገ ሌላ ሰው ይህንኑ ሲጠይቅ እንዲያገኘው በየቁጥሩ አስቀምጠዋለሁ። ቃል በቃል አልገለበጥኩም፤ የገባኝን ነው የጻፍኩት።

1፦ የመጀመሪያዋ መላሽ ሁለት ልጆቻቸውን በክረምት የዳሩ እናት ናቸው። መርቀው ጀመሩ። አዲስ አበባ ላይ የክረምት ዝናብ የሚበረታው ከምሳ በኋላ ነው፤ ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ይከፍታል አሉ። ምክራቸው ሰዓቱን ቀደም ማድረግ ነው። ተክሊል ከሆነ ገና ሳይነጋ ይጀመራል፤ ቅዳሴው ጠዋት ያልቃል። ምሳው በ5 ሰዓት ይቅረብ። በ9 ሰዓት አዛውንቱ ሁሉ ቤቱ ይግባ። ማታ የሚቀረው ወጣት ነው፤ እሱ ዝናብ አይመልሰውም።

2፦ ሁለተኛው በትሕትና ተቃወመ። የአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ጥርን ጠብቁ አለ። ሙሽራው የገና እረፍት የለውም ወይ ብሎም ጠየቀ። አለው፤ ግን አጭር ነው፤ ደግሞም ጾም ላይ ይወድቃል። ይህን መለስኩለት።

3፦ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ያደገ ወንድም ጥር ለምን የሰርግ ወር እንደሆነ አስረዳ። በሐምሌ ገበሬው ከሞፈርና ከአረም አይላቀቅም። ጎተራውም የተራቆተበት ጊዜ ነው። እህል ተወቅቶ የሚገባው ከኅዳር ወዲህ ነው፤ መንገዱም ያኔ ይደርቃል። ስለዚህ ሰው ድግሱን ጥር ላይ አደረገ። ቀጥሎ የታላቅ ወንድሙን ሰርግ ተረከ። ወንድሙ ከአረብ አገር ለአንድ ወር መጥቶ በነሐሴ መጨረሻ ሰርግ ተደገሰ። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ወንዙ ዳር ሲደርስ ወንዙ ሞልቷል። ማዶ የሙሽሪት ቤተሰብ ድንኳን ይታያል፤ የከበሮው ድምፅም ይሰማል፤ መሻገር ግን አልተቻለም። እዚያው ገበሬ ቤት አድረው በማግስቱ ጠዋት ውኃው ሲጎድል በበቅሎ ተሻገሩ። ወጡ አድሮ ነው የተበላው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከገጠር የሚመጡት አጎቶቻችን በዋዜማው ሳይሆን ሦስት ቀን ቀድመው እንዲገቡ ወሰንኩ።

4፦ አንድ ዲያቆን መሰለኝ፣ የጾሙን ነገር አነሳ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ያበቃል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ በጾም ተክሊል የለም። ስለዚህ ከሐምሌ 6 በኋላ አስቡ አለ።

5፦ ቀጣዩ በአክብሮት አረመው። ሐምሌ 5 ራሱ የጴጥሮስና የጳውሎስ በዓል ነው፤ ጾሙ የሚያልቀው በዋዜማው ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሐምሌ 5 እሁድ ነው። ስለዚህ ያሉን እሁዶች አራት ናቸው፦ 5፣ 12፣ 19 እና 26። ከዚያ በኋላ ያለው ነሐሴ 16 ቅዳሜ ነው፤ የፍልሰታ ፍቺ። ሐምሌ 19 ገብርኤል መሆኑንም አስታወሰ። ያን ሰሞን የድሬዳዋ መንገድ በቁልቢ ተጓዥ ይሞላል፤ ከዚያ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስቡበት አለ። አለን። አክስቴ ቁልቢን አስታጉላ አታውቅም። የእኛ ቀን ሐምሌ 12 እንዲሆን ያደረገው ይህ ምላሽ ነው። አራተኛውም ቆይቶ ተመልሶ ማረሚያውን ተቀበለ።

6፦ ከሚኒያፖሊስ የጻፈችው እህት ሌላ ነገር ነው የገባት። ክረምት ስል የነሱን በረዶ መስሏታል። የሀበሻ ቀሚስ ከካፖርት ጋር እንደማይሄድ፣ ለእንግዳ ካፖርት መስቀያ የሚሆን ክፍልና አንድ ጠባቂ እንደሚያስፈልግ፣ ሙሽሪት እስከ አዳራሹ በር ቦት ጫማ አድርጋ ነጩን ጫማ ከውስጥ መቀየር እንዳለባት በዝርዝር ጻፈች። የጫማውን ነገር ወሰድኩት። ለጭቃም ይሠራል።

7፦ ከስቶክሆልም ሌላ ሰው ደገፋት። እዚያ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፤ ፎቶ የሚፈልግ ሙሽራ ጠዋት ካልተነሳ አለቀለት። በፈረንጆቹ ገና ማግስት ሰርግ አስቦ አዳራሽ ከያዘ በኋላ ካህኑ የነቢያት ጾም ነው ብለው እንደመለሱትም ነገረን። ጾሙ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ነው። የአዳራሹን ቀብድ አጥቶ ቀኑን ወደ ጥር አዛወረ።

8፦ እዚህ ላይ ወሬው ከረር አለ። ስምንተኛው፣ ጥያቄው ስለ አዲስ አበባ ጭቃ ነው እንጂ ስለ አውሮፓ በረዶ አይደለም፤ መጀመሪያ ርዕሱን አንብቡ አለ። ሐሳቡ ልክ ነው፤ አነጋገሩ ግን ሰው ያስቀይማል።

ከ9 እስከ 13፦ አምስቱ ስለ ሰርግ ምንም አላወሩም። ዘጠነኛው ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ውጭ ያላችሁት በረዶውን ክረምት ስትሉ ቋንቋውን እያበላሻችሁት ነው አለ። አሥረኛው ቋንቋ ከሰው ጋር ይሰደዳል ብሎ መለሰ። ከዚያ ጸደይ መጣ። አንዱ ጸደይ የአደይ አበባ ጊዜ ነው ሲል ሌላው በባሕረ ሐሳብ ያ መጸው ነው፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው ብሎ አፈጠጠ። እኔ ራሴ እስከዛሬ ጸደይ የምለው መስከረምን ነበር። አሥራ ሦስተኛዋ ከቦረና ናት። በእነሱ አገር ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም በመኸር ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ክረምት የሆነው ለሁሉም ክረምት አይደለም ብላ ጭቅጭቁን ዘጋችው።

14፦ አንዲት ሙስሊም እህት ወደ ጉዳዩ መለሰችን። የእነሱ ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣል፤ ለእነሱ ክረምት በጾም የታጠረ ወቅት አይደለም። እሷ ራሷ በነሐሴ ነው ያገባችው። የጠየቀችኝ ግን ስለ እኛ ድግስ ነው። ለሙስሊም እንግዶቻችሁ ለብቻ የሚታረደውና የሚሠራው ምግብ በየትኛው ጥላ ስር ይሆናል? በበጋ ግቢ ጥግ ላይ ይሠራል፤ በክረምት ጥጉ ይዘነብበታል፤ መጠለያው የሚታሰበው ለዋናው ማዕድ ብቻ ይሆናል። እውነቷን ነው፤ አላሰብነውም ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው። በረንዳቸውን ሰጡን፤ አራጁንም እነሱ ያመጣሉ።

15፦ ይህ ምላሽ ብቻውን ለሁሉም ይበቃኝ ነበር። ድግስ በመሥራት የምትተዳደር ሴት ናት። የክረምት ሰርግ ወጥ የሚበላሸው በሐምሌ ሳይሆን በግንቦት ነው አለች። እንዲህ አስረዳችው። ዛላው በርበሬ ተቀንጥሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይወቀጣል። ከዚያ እንደገና ይሰጣል። ኮረሪማውና አዝሙዱ ገብቶ የሚፈጨው በደንብ ከደረቀ ብቻ ነው። ሰኔ ከገባ ሁለተኛው ስጥ አይደርቅም። ዳር ዳሩ ይሻግታል፤ ሽታውን ደግሞ ምንም ቅቤ አይሸፍነውም። ብቅሉም፣ ጌሾውም፣ ማገዶውም እንደዚያው ነው። እርጥብ እንጨት ጭሱ ሴቶቹን ያሳውራል፤ ወጡም ጭስ ጭስ ይላል። ስለዚህ እስከ ግንቦት መጨረሻ ሁሉም ደርቆ ቤት ይግባ።

ብርዱንም አስቡ አለች። በሐምሌ ሊጡ እንደ በጋው ቶሎ አይቦካም፤ አንድ ቀን ቀድሞ ይቦካ። ጠላውም ይዘገያል። እሷ ጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ምድጃው ካለበት ክፍል ጥግ ነው የምታስቀምጠው።

16 እና 17፦ አንዱ ለምን ይደከማል፤ ተፈጭቶ የታሸገ በርበሬ ሱቅ ሞልቷል አለ። አሥራ አምስተኛዋ ወዲያው መለሰችለት። ልጇን ለምትድር እናት የማይታወቅ በርበሬ ግዢ አይባልም፤ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ገጥሟት 40 ዶሮ ወጥ ደፍታለች። አነጋገሯ ኃይለኛ ነበር። ግን ስንት ዶሮ የገፈፉ እጆች እንደሚደክሙ የምታውቅ ሰው ናት፤ አልፈረድኩባትም።

18፦ ድንኳን የሚያከራይ ልጅ ነው። መጀመሪያ የጠየቀው የግቢውን ተዳፋት ነው። ከላይኛው በኩል አንድ ክንድ የሚሰፋ ቦይ ይቆፈር፤ ውኃው ድንኳኑ ስር ሳይገባ ዞሮ ይውጣ። መሬቱ ላይ ጠጠር፣ ጠጠሩ ላይ ሰጋቱራ ይበተን። ጭድ አይሁን፤ ሲርስ ያንሸራትታል። ካስማው በርጥብ አፈር ቶሎ ስለሚነቀል ከወትሮው የረዘመ ይሁን። የድንኳኑ ጣራ ሹል ይሁን፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ውኃ ያቁራል። የፕላስቲክ ወንበር እግር ጭቃ ውስጥ ስለሚሰምጥ ለአዛውንት መቀመጫ ስር ጣውላ ይነጠፍ። እድራችን ያለው ድንኳን ጠፍጣፋው ነው። ስለዚህ ወንበሩንና ድስቱን ከእድር፣ ድንኳኑን ግን ከውጭ እንከራያለን።

19፦ ስለ ውኃ ማቆሩ የዓይን ምስክር መጣ። በዘመዱ ሰርግ የድንኳኑ ጣራ እንደ ላም ጡት ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ጎረምሳ በመወልወያ እንጨት ከስር ገፋው። ውኃው በአንድ በኩል ተደፍቶ ሊመርቁ የቆሙ ሽማግሌ ላይ ወረደ። ጋቢያቸው ከራስ እስከ እግር ራሰ። ሽማግሌው ግን ምርቃቱን አላቋረጡም። ውኃ እየተንጠባጠበባቸው ጨረሱ፤ ሰውም ቆሞ አሜን አለ። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አባቴን አስታወሰኝ።

20፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም። ሁላችሁም ስለ ጭቃ ታወራላችሁ፤ ሰው የሚገድለው ግን ገመዱ ነው አለ። በርጥብ ሣር ላይ የተጎተተ የመብራትና የድምፅ ማጉያ ገመድ ይነሳ፤ ከሰው ራስ በላይ ይታሰር። መቀጣጠያው ውኃ የማይነካው ቦታ ይሁን። መስመሩ ላይ የሚሠራ ሳልቫቪታ (ሰው ኤሌክትሪክ ሲይዘው መስመሩን የሚቆርጠው ማብሪያ ማጥፊያ) ይኑር። ጄኔሬተሩ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ በራሱ ጥላ ስር ይቁም። በርጥብ እጅ ማንም ሶኬት አይንካ። ቁጣው ገብቶኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተሩን የሚያስነሳ አንድ ሰው ብቻ መድበናል፤ እሱም መጠጥ አይቀምስም።

21፦ ሌላዋ ይህን ተከትላ ከሰልን አነሳች። በአንድ ሰርግ በብርዱ ምክንያት ደጋሾቹ ድንኳኑን ዙሪያውን ዘግተው ሁለት ምድጃ ከሰል አስገቡ። ሁለት ልጆችና አንዲት ነፍሰ ጡር ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ተርፈዋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፤ አይታይም። ከሰሉ ለቡናው ከሆነ በተከፈተው በኩል ይሁን። ለሚበርደው ሰው ጋቢና ብርድ ልብስ ይዘጋጅ።

22 እና 23፦ አንዱ አዳራሽ ያዙና ተገላገሉ አለ፤ በሐምሌ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ በጥር ግን ከወራት በፊት ይያዛል። ቀጣዩ አልተስማማም፤ ከውጭ የሚመጣው ሰው በሐምሌ ስለሚበዛ ደህናው አዳራሽ አይቀንስም አለ። እሱ ቀብድ ከፍሎ ቀኑ ለሌላ ሰው የተሰጠበት ነው። ቀብድ ስትከፍሉ ቀኑና ሰዓቱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ አለን። ለድንኳኑም፣ ለፎቶውም፣ ለመኪናውም እንደዚያው አድርገናል።

24፦ ይህኛው አመመኝ። ሰው ሁሉ ለዲያስፖራ ይሰግዳል፤ አገር ቤት ያለ ሙሽራ ቢሆን ኖሮ ዝናብ ላይ አትወጡም ነበር ብሎ ጻፈ።

25፦ ራሴ መለስኩ። ልጁ ሀብታም አይደለም። ለቲኬቱ ሁለት ዓመት አጠራቅሟል። እህቴ ከእሱ ጋር የተዋወቀችው አዲስ አበባ፣ አብረው ሲማሩ ነው። እሱ በጥር ለአራት ቀን ብቻ መጥቶ ቢመለስ ይቀለው ነበር፤ ግን ከእናቴ ጋር ተቀምጦ ቡና መጠጣት፣ መልሱንም ቅልቅሉንም በወጉ ማድረስ ይፈልጋል። ሌላ አልጨመርኩም። ሃያ አራተኛው ቆይቶ ምላሹን አጠፋው።

26፦ ስለ ልብስ ነው። ቬሎው መሬት የሚጎተት ከሆነ ቢያንስ ከግቢ እስከ መኪና የሚይዙ ሁለት ልጆች ይመደቡ። የሀበሻ ቀሚሱ ጥለት ጭቃ ከነካው ውኃ አይነካካ፤ ደርቆ በብሩሽ ይራገፍ። ፎቶ እንጦጦ ካሰባችሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ጉም ሊኖር ይችላል፤ ግን አረንጓዴው እንደ ክረምት የሚያምርበት ጊዜ የለም።

27 እና 28፦ አያቷ ድስት ስትልስ ሲያዩአት በሰርግሽ ቀን ይዘንባል ይሏት እንደነበር አንዷ አስታወሰች። ከሷ ቀጥሎ ያለው፣ እኛም ቤት ይባል ነበር፤ እህትሽን ጠይቂልን አለ። ጠየቅኳት። ትልስ ነበር።

29፦ አንዱ ፍርድ ቤት ነሐሴ 1 ስለሚዘጋ የጋብቻ ወረቀት ቶሎ አስጨርሱ አለ። ሌሎች ሳይቀድሙኝ ልመልስ፦ ጋብቻ የሚመዘገበው በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት አይደለም። በቤተሰብ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በሃይማኖትም ሆነ በባህል የተፈጸመ ጋብቻ ዕውቅና አለው፤ ግን መመዝገብ አለበት። ሙሽራው ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃውን ከአሁኑ እያስጨረሰ ነው።

30፦ ከሁሉም ውስጤ የቀረው ይህ ነው። አንዲት ሴት አጠር አድርጋ ጻፈች። እናቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰፈር ሰርግ ሲሠሩ ኖረዋል። በአንድ የክረምት ሰርግ እንግዳው በድንኳን፣ ሙሽሮቹ በምንጣፍ፣ ወጥ ሠሪዎቹ ግን ከቤቱ ጀርባ ክፍት ሰማይ ስር ነበሩ። ዝናቡ ሲመጣ ድስቱ ተሸፈነ። ሴቶቹ አልተሸፈኑም። እናቷ በአንድ እጅ ማማሰያ፣ በሌላው እጅ ራሳቸው ላይ የእንጀራ ሰፌድ ይዘው ወጡን አወረዱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሳንባ ምች ይዟቸው ተኙ። ከሙሽራ ቤት የመጣ ጠያቂ አልነበረም። ልጅቷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ ከጀርባ ያሉት የት ይሆናሉ?

መልስ አልነበረኝም። ስለ ሰጋቱራ ስጠይቅ፣ ስለ ጫማ ስጽፍ ነበር የሰነበትኩት። ያን ምሽት ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና እኔም እንደዚያ ሠርቻለሁ አለች። በማግስቱ አናጺ ጠራን። ከድንኳኑም፣ ከቦዩም በፊት የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ ጥላ ሆነ። ስድስት ሜትር በአራት ሜትር ነው፤ ጭሱ እንዲወጣ በሁለት ወገን ክፍት ነው፤ ወለሉ ጠጠር ነው። ስድስት ቦት ጫማና ስድስት የዝናብ ልብስም ገዛን። ለሠላሳኛዋ እህት ፎቶውን ላክሁላት።

31፦ የመጨረሻው ከአሥራ አምስተኛዋ ነው። ተመልሳ መጥታ በርበሬው ስንት ኪሎ ሆነ፣ ተሰጥቷል ወይ ብላ ጠየቀች።

ተሰጥቷል። 20 ኪሎ ነው፤ ማረቆ ነው። ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ጋር ቀንጥሰን ጣራው ላይ አወጣነው። አሁን ስጽፍላችሁ እናቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሰማዩን እያየች ነው፤ በስተምዕራብ ትንሽ ደመና አለ። ማዳበሪያውን አጠገቧ አድርጋለች።